ለቲያትር ቤቱ የተላኩት ሽማግሌዎች

አንባቢዎቼ፣ ሰርጌን ልተርክላችሁ አይደለም። ሰርግ ሁሉም ያው ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል፣ አንድ ዘመድ ያኮርፋል። የማጫውታችሁ ከሰርጉ በፊት በነበሩት ቀናት የገጠመኝን ነው። ያ ነገር ባይገጥመኝ ኖሮ ዛሬም የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍሉግሃፈን ውስጥ ትሪ ስደረድር ታገኙኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2011 ነው። የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ክፍል እሠራለሁ። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሰላጣ፣ ማንኪያ፤ ከዚያ ሌላ ትሪ፣ እንደገና ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሰላጣ፣ ማንኪያ። ጀርመንኛውን ተምሬዋለሁ፣ ግን የምናገርበት ሰው አልነበረኝም። የምኖረው ከከተማው ጫፍ፣ ጻይልስሃይም ነው። እጮኛዬ ዳዊት እዚያው ፍሉግሃፈን ሻንጣ ይጭናል። ተቃቅፈን ከምናሳልፈው ጊዜ ይልቅ ባቡር ጣቢያ ላይ በሺሽት፣ በሥራ ፈረቃ ማለቴ ነው፣ ስንተላለፍ እጃችንን የምናወዛውዝበት ይበልጣል።

ሰርጋችን ቅዳሜ ሊሆን ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አዳራሹን ያከራየን ሰውዬ ነው። ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት መብራቱ በሙሉ እንደተቋረጠ፣ በዚህ ሳምንት እንደማይጠገን፣ በጣም እንዳዘነ ነገረኝ። እሱ አዝኖ ስልኩን ዘጋ። እኔ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከሙኒክ፣ ከኮሎኝ፣ ከሽቱትጋርት የሚመጡ እንግዶች ቲኬት ቆርጠዋል። ጠጁ ከተጣለ ሰንብቷል። የደወልንበት አዳራሽ ሁሉ ተይዟል።

ያን ጊዜ ነው ያ ቤት ትዝ ያለኝ።

አውቶቡስ ከምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት፣ በድሮው የመንደሩ መሃል፣ የተዘጋ የመጠጥ ቤት አለ። ከጀርባው አንድ ትልቅ የቀይ ሸክላ ቤት ይታያል። ሁልጊዜ የእህል ጎተራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ተከፍቶ አየሁና አንገቴን አስግጌ ተመለከትኩ። ውስጡ ሰገነት አለው። መድረክ አለው። ጣሪያው ሰማያዊ ሆኖ በወርቃማ ኮከቦች ተሞልቷል። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፤ ለሥራም አረፈድኩ።

ሄጄ አንኳኳሁ። ባለቤቱ፣ ሄር ፋልክ የሚባሉ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ በሩን በጠባቡ ከፈቱ። ችግሬን ነገርኳቸው። "አይከራይም" አሉና ዘጉት። በቃ።

ማታ ለዳዊት ስነግረው ትንሽ አሰበና "ሽማግሌ እንላክባቸው" አለኝ።

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። "ለጀርመን? ለአዳራሽ?"

"እና ምን ታደርጊያለሽ? እንደ ጀርመኖቹ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ትይዣለሽ?"

ሽማግሌዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ታደሰ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ፣ ማንም ቢጣላ መጀመሪያ ስልክ የሚደወልላቸው ሰው ናቸው። ሐጂ ሰይድ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ሦስተኛው ብርሃኑ ገና ጎልማሳ ነው፤ የፍሉግሃፈን ጥበቃ ሠራተኛ። ሽማግሌ የሆነው ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን ስለተፈለገና መኪና ስላለው ነው። እኔን ከአባቴ የጠየቁልን እነሱው ናቸው። አባቴ ደብረ ብርሃን፣ እነሱ ፍራንክፈርት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሦስቱም ዙሪያውን ቆሙ። አባቴ እንደማያዩዋቸው ብነግራቸው ጋሼ ታደሰ ተቆጡኝ። "እኛ እንደቆምን እናውቀዋለን" አሉ። አባቴ እሺ እስኪሉ ማንም አልተቀመጠም።

ረቡዕ ከሰዓት እነዚሁ ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው የሄር ፋልክ ደጅ ላይ ቆሙ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ለራሷ ጉዳይ ሽማግሌ ተከትላ የምትሄድ ሙሽራ ከእኔ በፊት ሰምታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

ሄር ፋልክ ሦስት ከረባት ያሰሩ ሐበሾች ሲያዩ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ዝም ብለው አስገቡን። ወጥ ቤታቸው ጠባብ ናት። ወንበሮች ሳቡልን።

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰብለ፣ እንዳልኩት ንገሪልኝ። እንዳታሳጥሪው።" ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ። "ጌታዬ፣ የማናውቀው ሰው ደጅ የቆምነው ደፍረን አይደለም። ልጆቻችን ቅዳሜ ይዳራሉ፤ የሚዳሩበት ቤት አጡ። የእርስዎ ቤት ባዶውን ቆሟል። ለአንድ ቀን እንዲሰጡን ልንለምን መጣን።"

ሐጂ ሰይድ ቀጠሉ። "ቤት ሰው ሲገባበት ይደሰታል። ዕድሜ ይስጥዎት።"

ተረጎምኩ። ሄር ፋልክ አዳመጡና በእጃቸው ወንበሮቹን አሳዩ። "መጀመሪያ ተቀመጡ።"

"እሺ ሳይሉን አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ታደሰ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ሄር ፋልክ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወገባቸውን ያማቸዋል?"

"አይ፣ ልማዳችን ነው። ልጅ የሚጠየቀው እንደዚህ ነው። የሚጠይቀው ሰው መልስ እስኪያገኝ ይቆማል።"

እንግዳ ቆሞ እሳቸው ሊቀመጡ አልሆነላቸውም። እሳቸውም ቆሙ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ስድስት የሚያሙ ጉልበቶች፣ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። ብርሃኑ ሰዓቱን ያያል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። በመጨረሻ ሄር ፋልክ ተሸነፉ፤ ግን እሺ አላሉም። ከሚስማር ላይ ቁልፍ አነሱ። "ኑ፣ ለምን እንደማይሆን ላሳያችሁ።"

በኋለኛው በር ገባን። የአሮጌ እንጨትና የአቧራ ሽታ ተቀበለን። ሄር ፋልክ መብራት ሲያበሩ ሐጂ ሰይድ ወደ ላይ ቀና ብለው "ማሻአላህ" አሉ።

ከውጭ ጎተራ፣ ከውስጥ ሌላ ዓለም ነው። ሰገነቱ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ አዳራሹን ይከብባል። የተሸከሙት ምሰሶዎች ክንድ እንኳ የማይሞሉ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ እብነ በረድ እንዲመስሉ ተቀብተዋል። ሄር ፋልክ አንዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ አቃጨለ። መጠጥ ቤቱ የአያታቸው እንደነበረ፣ አያትየው ይህን አዳራሽ የሠሩት በአቅራቢያው ያለው ፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ እሑድ እንዲጨፍሩበት እንደነበረ ነገሩን። ብረቶቹ በማይን ወንዝ በጀልባ መጡ። የጣሪያው ሰማያዊ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይሥል ለነበረ ሰዓሊ የተረፈው ቀለም ነው።

"ከጭፈራ በኋላ ቲያትር መጣ" አሉ ወደ መድረኩ እየወሰዱን። "ከጦርነቱ በኋላ የከተማው ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ፍርስራሽ ነበሩ። ተዋንያን እዚህ ድረስ በእግር ይመጡ ነበር። ተመልካቹ ከቤቱ አንድ አንድ ፍልጥ ይዞ ይገባል፤ ምድጃው የሚነደው በዚያ ነው። ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ያለቅሳል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይስቃል።"

መድረኩ ላይ ስወጣ እግሬ ሸርተት አለ። ወለሉ ወደ ተመልካቹ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ከኋላ የቆመ ተዋናይ ጭምር እንዲታይ። ከጫፉ፣ መሃል ላይ፣ ግማሽ በርሜል የምታክል የእንጨት ክዳን ተደፍታለች። ምንነቷን ጠየቅኩ።

ሄር ፋልክ አቧራዋን በእጃቸው ጠረጉላት። "የእህቴ ቦታ ናት" አሉ። "ከሥር ጉድጓድ አለ። ተዋናይ ቃል ሲጠፋው እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ ያስታውሰዋል። ተመልካቹ አያየውም። ኢርምጋርድ ሠላሳ ዓመት እዚያ ውስጥ ተቀምጣለች። እኔ ላይ እጫወታለሁ፣ እሷ ከሥር ታስታውሰኛለች።"

ከዚያ ምክንያቱ ወጣ። ሰገነቱ ልስኑ ስለረገፈ እንዳይወጣበት የከተማው የሕንፃ ቢሮ፣ ባውአምት፣ አግዶታል። ከታች ያለው ግን ደህና ነው፤ የመንደሩ ማኅበር በየዓመቱ ይሰበሰብበት ነበር። ችግሩ ወዲህ ነው። ቤቱ ግማሹ የእህታቸው ነው። እሳቸው ለአንድ ቤት ሠሪ ሊሸጡት ፈለጉ፤ እሷ እንቢ አለች። በጠበቃ ተጻጻፉ። ከዚያ ወዲህ፣ እሷ የአረጋውያን መኖሪያ ከገባች ጀምሮ፣ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። "ያለ እሷ ፈቃድ በሩን ለድመት እንኳ መክፈት አልችልም። እሷን ደግሞ አላናግራትም።"

እኔ ይህን ስተረጉም ተስፋዬ ተሟጠጠ። የጋሼ ታደሰ ፊት ግን በራ። ወደ ሐጂ ዞረው "አዩ፣ የመጣነው ለዚህ ኖሯል" አሉ።

"ጋሼ፣ የመጣነው ለአዳራሽ ነው" አልኩ።

"አንቺ ለአዳራሽ መጣሽ። በይ ንገሪልኝ። ነገ እህትዎ ዘንድ እንሄዳለን። ከእርስዎ ምን ይዘን እንሂድ? ባዶ እጃችንን አንሄድም።"

ሄር ፋልክ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆመው ኮከቦቹን አዩ። "ጣሪያው እንደማያፈስ ንገሯት" አሉ። "በየመከሩ እወጣለሁ። የተሰበረ ሸክላ እቀይራለሁ። አንድም ኮከብ ውሃ አልነካውም። ቤቱን ሆን ብዬ እያበሰበስኩት ይመስላታል።"

በዚያ ጉልበታቸው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ሊሸጡት የሚፈልጉትን ቤት ኮከብ የሚጠብቁ ሰው።

ሐሙስ ከሰዓት አረጋውያን መኖሪያው ስንደርስ ፍራው ኢርምጋርድ መስኮታቸው አጠገብ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ። ከወንድማቸው ይበልጣሉ። ቀጭን፣ ዓይናቸው ንቁ። ጋሼ ታደሰ መልእክቱን ነገሯቸው፤ እኔም ተረጎምኩ።

"ተቀመጡ፣ ብርሃን ከለላችሁብኝ" አሉ ፍራው ኢርምጋርድ።

"እሺ ሳይሉን አንቀመጥም" አልኳቸው በሽማግሌዎቹ ስም። አሁን አላፈርኩም።

"ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ጫማ አይቻለሁ። ከእናንተ የበለጠ መታገሥ እችላለሁ።"

እውነታቸውን ነው፣ ይችላሉ። ቆምን። ነርሷ ገብታ መድኃኒት ሰጥታቸው ወጣች። ጋሼ ታደሰ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። ብርሃኑ "ሺሽቴ ሊደርስ ነው" ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ፤ ከዚያ ወጥቶ ደውሎ ከባልደረባው ጋር ተቀያየረ። የሐጂ የሶላት ሰዓት ደረሰ። ፈቃድ ጠይቀው ኮታቸውን ጥግ ላይ አነጠፉ። ሊጀምሩ ሲሉ ግን ወደ ጋሼ ታደሰ ዞሩ። "በሶላት መሃል መቀመጥ አለ። ከሽምግልናው ጋር አይጋጭም?"

"እሱ ለፈጣሪ ነው" አሉ ጋሼ ታደሰ። "ለእሳቸው አልተቀመጡም።"

ፍራው ኢርምጋርድ ምን እንደተባባሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሐጂ ሰግደው ጨረሱ። ከዚያ ፍራው ኢርምጋርድ ወደ እሳቸው ጎንበስ እንድል ጠሩኝ።

"ልጆቻቸው ናችሁ?"

"አይደለንም። አንዳቸውም ዘመዶቻችን አይደሉም።"

"ታዲያ ለምን ይቆማሉ?"

ስለ ባህል፣ ስለ አክብሮት ልናገር አሰብኩና ተውኩት። "እንቢ ማለት እንዲከብድዎት" አልኳቸው።

ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነታቸው። ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ጣሪያ ላይ ይወጣል አላችሁ? በዚህ ዕድሜው?"

"በየመከሩ።"

"አምጡት።"

ብርሃኑ በመኪና ሄዶ አመጣቸው። ሄር ፋልክ ሸሚዝ ቀይረዋል፤ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ አዩ። እሳቸውም ከጎናቸው ቆሙ። አልገቡም፣ አልተናገሩም። ቃል እንደጠፋቸው ሁላችንም ተረዳን።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምትቆመው?" አሉ ፍራው ኢርምጋርድ።

"እነሱ... እሺ እስኪባል አይቀመጥም ይላሉ።"

እህትና ወንድም ተያዩ። እኔ አዳራሹን ረስቼዋለሁ።

"ኤርቪን፣ ተቀመጥ" አሉ ፍራው ኢርምጋርድ፣ ወንድማቸውን በስማቸው ጠርተው።

ሄር ፋልክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ታደሰ "ተመስገን" ብለው ከጎናቸው ዘፍ አሉ። ሐጂ ወንበር ላይ፣ ብርሃኑ ማሞቂያው ላይ። መቀመጫ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ፍራው ኢርምጋርድ የእግር ማሳረፊያቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ጋሼ ታደሰ ሲመርቁ ሁለቱም ጀርመኖች ያልገባቸውን ሁሉ "አሜን" አሉ። ቃሉን የትም ቦታ ያውቁታል።

ቅዳሜ ሰርጋችን በኮከቦቹ ሥር ሆነ። ዳዊትና ጓደኞቹ ወደ ሰገነቱ የሚወስደውን ደረጃ በአበባ ዘጉት፤ ባውአምትም ቢመጣ የሚከፋው አልነበረም። ፍራው ኢርምጋርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ወንበራቸው ከመድረኩ ሥር፣ ከዚያች ክዳን አጠገብ እንዲሆን። እዚያ አደረግናቸው።

ከምሳ በኋላ ሄር ፋልክ ጥቂት ቃል እንዲናገሩ ተጠየቁ። መድረኩ ላይ ወጡ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ከእግራቸው ታወቀ፤ ተዳፋቱን ግን እግራቸው አልረሳውም። "አያታችን" ብለው ጀመሩ። "አያታችን ይህን ቤት የሠሩት..." ቆሙ። ሕዝቡን አዩ፤ ከሦስት ከተማ የመጣ ሐበሻ በሙሉ ያያቸዋል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። እኔ ልተረጉም አጠገባቸው ቆሜያለሁና ከታች የመጣውን ሰማሁት። ሹክሹክታ ነው፤ ከሦስተኛው ጠረጴዛ በኋላ ማንም አይሰማውም።

"ለጭፈራ።"

"ለጭፈራ ነው" አሉ ሄር ፋልክ፣ ድምፃቸው ሞልቶ። "ስለዚህ ጨፍሩ።" ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም።

ማታ ከፍራው ኢርምጋርድ አጠገብ በቀሚሴ ቁጭ ብዬ ወንድማቸው የጠፋቸውን ቃል እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። "ሙሉውን ዐረፍተ ነገር አትስጪ" አሉኝ። "የመጀመሪያውን ቃል ብቻ። የቀረው የእሱ ነው፣ ራሱ ይዞታል። ሙሉውን ከሰጠሽው ያፍራል።"

አንባቢዎቼ፣ እኔ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የእኛን ልማድ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ የመጣሁት ነገር አድርጌ ነበር የማየው። በጀርመን ምድር በጀርመን ሥርዓት ነው የሚኖረው እል ነበር። ሦስት ሰዎች ለሰው ልጅ ብለው እግራቸው እስኪያብጥ ሲቆሙ ካየሁ በኋላ ይህን ማለት ተውኩ። እናንተም የተኮራረፋችሁት ሰው ካለ፣ ጠበቃውን ትታችሁ የሚቆምላችሁ ሰው ፈልጉ። ጉልበት ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ቤቱ አልተሸጠም። ወንድምና እህት ለመንደሩ ማኅበር አስረከቡት፤ ልስኑ ተጠግኖ አሁን ሰገነቱ ላይ ሰው ይወጣል። እኔም ትሪውን ተውኩ። ፍራው ኢርምጋርድን እሑድ እሑድ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ከዚያ የአረጋውያን እንክብካቤ ተማርኩ፤ በመጨረሻም እዚያው ቤት ተቀጠርኩ። ጀርመንኛዬን የምናገርበት ሰው ከማግኘት አልፎ በዛብኝ።

ፍራው ኢርምጋርድ በመጨረሻው ክረምታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቋንቋቸው ጠፋ። ሰው ያውቃሉ፣ ቃል ግን አይመጣላቸውም። ለሠላሳ ዓመት የሰውን ቃል ይዘው የኖሩ ሴት ዝም ብለው መስኮት ሲያዩ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። ሄር ፋልክ በየቀኑ ይመጣሉ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ልማድ አድርገውት ነበርና በሩ ላይ ቆመው ተቀመጥ እስኪባሉ ይጠብቃሉ፤ የሁለቱ ጨዋታ ነው።

አንድ ቀንም እንዲሁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ፍራው ኢርምጋርድ አዩዋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ፈለጉት፣ አልመጣም። እንደገና ሞከሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሄር ፋልክ ሳይባሉ ሊቀመጡ አልፈለጉም፤ ለመሄድም አልቻሉም።

ትራሳቸውን እያስተካከልኩ ነበር። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩና የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ሰጠኋቸው።

"ኤርቪን" አልኩ በሹክሹክታ።

"ተቀመጥ" አሉ ፍራው ኢርምጋርድ።

እሳቸውም ገብተው ተቀመጡ።